መቶ በመቶ የሚያስገባው የትምህርት ክፍል

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባላል። ምን መማር እንደሚቀድም ግን ተረቱ ሳይነግረን ቀርቷል። ይህን ጉድለት የሞላው አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ የሚገኘው የኮሌጃችን የቅድመ ሕክምና አማካሪ ኮሚቴ ነው። እኔ ኦርቪል በዚህ ኮሚቴ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ቃለ ጉባኤ ስለያዝኩ፣ የምናገረው ሁሉ ማኅተም ያረፈበት ነው።

በአገራችን ሐኪም መሆን የፈለገ ሰው በቀጥታ ሕክምና አይማርም። እንዲህ ያለው ችኮላ ለሌሎች አገሮች የተተወ ነው። መጀመሪያ አራት ዓመት ሙሉ የወደደውን ይማራል፤ ከዚያ ኮሚቴው ደብዳቤ ይጽፍለታል። ደብዳቤ የሌለውን የሕክምና ትምህርት ቤቶች ዞር ብለውም አያዩትም። የወደደውን መምረጥ የተማሪው ሙሉ መብት ነው። ምን እንደሚወድ የሚነግረው ደግሞ ኮሚቴው ነው።

ሰብሳቢያችን ዶክተር ሃልቨርሰን፣ ዶክትሬታቸውን ያገኙት በጥንታዊ ሸክላ ቢሆንም፣ ስለ ሐኪሞች አንድ ታላቅ ጥናት አካሂደዋል። በጥናቱ መሠረት ባዮሎጂ ተምረው ካመለከቱት ተማሪዎቻችን ሕክምና የገቡት ሠላሳ ስምንት በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ በክር እየጎተቱ የሚያሳዩትን የአሻንጉሊት ትርዒት ተምረው ያመለከቱት መቶ በመቶ ገብተዋል። ያመለከተው አንድ ልጅ ነበር። አባቱ በዚያው የሕክምና ትምህርት ቤት የቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ መሆናቸው፣ መጠይቁ ላይ ቦታ ስላልነበረው ከጥናቱ ቀርቷል።

ጥናቱ በወጣበት መከር ቲያ ብራንድት የምትባል የበቆሎ ገበሬ ልጅ ኮሚቴው ፊት ቀረበች። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሳለች የአባቷን ሁለት ጣት የማጨጃ ማሽን ሲቆርጠው፣ ሐኪም ፍለጋ ሰባ ማይል መኪና የነዳችው እሷ ናት። ያን ቀን ሐኪም ሆና ወደ መንደሯ ልትመለስ ማለች።

«የምትወጂው ምንድን ነው፣ የኔ ልጅ?» አሉ ሰብሳቢው።

«የሰው አካል። ባዮሎጂ መማር እፈልጋለሁ።»

«እሱንማ ሐኪም መሆን የፈለገ ሁሉ ይለዋል። ከልብሽ የምትወጂውን ንገሪኝ።»

«ከልቤ እኮ ነው!»

«ልጅ ሆነሽ አሻንጉሊት አልነበረሽም?»

«አንድ ነበረኝ። ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት ሆዱን ቀደድኩትና መልሼ ሰፋሁት።»

«ይኸው!» ዶክተር ሃልቨርሰን ጠረጴዛውን መቱት። «ጻፍ ኦርቪል! ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለአሻንጉሊት ጥልቅ ፍቅር አላት።»

ጻፍኩ።

«ባዮሎጂ ብመርጥስ?» አለች ቲያ።

«መብትሽ ነው። ደብዳቤ መጻፍና አለመጻፍም የእኛ መብት ነው።»

ልጅቷ የአሻንጉሊት ትርዒት ክፍል የሚያስገባውን ቅጽ ፈርማ ወጣች። ወዲያው ኮሪደሩ ላይ ስልክ ስትደውል ሰማኋት፤ የአባቷም ድምፅ እስከ ጠረጴዛዬ ይሰማ ነበር።

«የምን አሻንጉሊት?»

«ሐኪም ለመሆን ነው፣ አባዬ።»

«እኔ ጣቴ ሲቆረጥ አሻንጉሊት ነው እንዴ ያሳዩኝ?»

«ደብዳቤ አይሰጡኝማ!»

«ተይው እንግዲህ፤ የተማሩት ሳያውቁ አይቀሩም» አለ አባትየው። እነሆ፣ ያልተማረ ሰው ትሕትና!

በዚያ ዓመት ሐኪም ለመሆን የመጡ መቶ አሥራ ሁለት ተማሪዎች ለአሻንጉሊት ያላቸውን ፍቅር በሦስት ኮፒ አረጋገጡ። በከተማው ክር ጠፋ። የባዮሎጂ መምህራን ባዶ ወንበር እያስተማሩ ከረሙ። ቲያ ቀን ለአሻንጉሊት የሚሆን እንጨት እየጠረበች፣ ሕክምና ለመግባት ግዴታ የሆኑትን ኮርሶች ደግሞ በትርፍ ጊዜዋ እየወሰደች አራት ዓመት ገፋች። በኬሚስትሪ ከኮሌጁ አንደኛ ወጣች። ይህ ግን ደብዳቤው ከሁለት ገጽ እንዳይበልጥ ሲባል ተዘለለ። ሁለቱም ገጾች ስለ አሻንጉሊት ፍቅሯ የሚናገሩ ነበሩ። ስጽፈው፣ እውነቱን ልናገር፣ አፍሬ ነበር። ቢሆንም የታዘዝኩትን ጻፍኩ፤ ፊደል እንኳ አልሳትኩም።

በሚያዝያ ከሕክምና ትምህርት ቤቱ መልስ መጣ። ቲያ ለኮሚቴው የተጻፈውን መልስ ግልባጭ ይዛ ቢሯችን ገባች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ዶክተር ሃልቨርሰን ተቀብለው ጮክ ብለው አነበቡት።

«የኮሚቴዎን ደብዳቤ በጥልቅ ስሜት አንብበነዋል። እንዲህ ያለ ፍቅር ያላትን ወጣት ከምትወደው ሙያ ነጥቀን ሕክምና ለማስተማር ሕሊናችን አልፈቀደም።»

ከዚያም ከወንበራቸው ብድግ አሉ። «እንዴት ያለ ድል ነው! የጻፍነውን ቃል በቃል አመኑት እኮ! ኦርቪል፣ ይህ በፍሬም ገብቶ ግድግዳ ላይ ይሰቀል።»

«ዶክተር» አለች ቲያ፣ «እኔ አሻንጉሊት ወድጄ አላውቅም። ሐኪም መሆን ነበር የምፈልገው። አሁን አባቴን ምን ልበለው?»

ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው ትክ ብለው አዩዋት። ከልባቸው ነበር ያዘኑላት።

«ታዲያ የኔ ልጅ፣ ያን ጊዜ ባዮሎጂ ነው የምወደው ብትዪን ምን ነበረበት?»

ጉዳዩ በዕለቱ ለኮሚቴው ቀረበ። ተማሪዋ ፍላጎቷን በወቅቱ ባለማሳወቋ ኮሚቴው የተሰማው ቅሬታ፣ ወደ ግል ማኅደሯ እንዲገባ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።