መላ የማያጡት ዲያቆን ፔቲስ

ደፍሬ ብዕር ስለያዝኩ ይቅርታ አድርጉልኝ። ፊደል ስጽፍ እጄን ያልበኛል። ማውራትም ቢሆን አይሆንልኝም። ግን ስለ እኚህ ሰውዬ እኔ ካልጻፍኩ ማን ይጽፋል ብዬ ነው።

በዓለም ላይ ያለ ሰፈር ሁሉ የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ አንድ ጠበቃ አለው። የእኛ የሜምፊሶቹ ክቡርነታቸው ዲያቆን ሊሮይ ፔቲስ ናቸው። ከፍርድ ቤት ጋር የተዋወቁት አውቶቡስ እየነዱ በበሩ ሲያልፉ ነው። ሕጉ ግን ከአፋቸው እንደ ውሃ ይወርዳል። መኪናህ ተጎትቶ ተወሰደ? "መላ አይጠፋም" ይላሉ፣ ሱሪያቸውን ወደ ላይ ሳብ አድርገው። የጎረቤት ዛፍ አጥርህ ላይ ወደቀ? መላ አይጠፋም። አንዴማ ቀብር ላይ፣ ሬሳው ገና ሳይወርድ፣ ለሟች ሚስት ስለ ውርስ ሦስት ዓይነት መላ ሲነግሯት ፓስተሩ ጸሎቱን አቋርጦ እስኪጨርሱ ታገሣቸው።

የእኔም ተራ ደረሰ። ባንኩ ቤቴን በሐራጅ ሊሸጠው ሲል ከስሬያለሁ ብዬ ለፍርድ ቤት አመልክቼ ነበር። ዳኛውም ሐራጁን አግደው ዕዳዬ ከደሞዜ እየተቆረጠ እንዲከፈል አዘዙ። የሰፈራችን ግማሽ ሰው እንዲሁ ነው የሚኖረው፤ ገንዘቡን ሳያየው ይቆረጥበታል። በኋላ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ወደ ሆስፒታሉ ማጠቢያ ተዛወርኩ። ዕዳ ቆራጩ ራሱ ተከትሎኝ የሚመጣ መስሎኝ ለፍርድ ቤቱ አላስታወቅኩም። ደሞዜ ሞላ ብሎ ሲመጣም ሆስፒታል ጥሩ ይከፍላል ብዬ ደስ አለኝ። ለካ የሚቆርጥልኝ አልነበረም። ክፍያው በመቋረጡ መዝገቤ ተዘጋ፣ እግዱ ተነሣ፣ ቤቴ ሐሙስ ፍርድ ቤቱ ደረጃ ላይ እንዲሸጥ ተወሰነ።

ዲያቆን ሳይጠሩ መጥተው በረንዳዬ ላይ ተቀመጡ። የኮክ ኬኬን እየበሉ መላውን ደረደሩልኝ፦ ውዝፉን ከፍሎ ከባንኩ ጋር መታረቅ፤ ከሐራጁ በፊት ቤቱን በራስ እጅ መሸጥ፤ አዲስ መዝገብ መክፈት፣ እሱም ቢሆን እግዱ ዳኛው ካላራዘሙት በወሩ ይወድቃል። ወይ ደግሞ ያንኑ ዳኛ መዝገቤን ይመልሱልኝ ብሎ መለመን። ጥፋትሽ አለማወቅ እንጂ ተንኮል አይደለም ብለው ይኼኛውን መረጡልኝ።

በመሃል አንድ ክራባት ያሰረ ሰውዬ መጥቶ፣ እዚህ ጋ ፈርሚና ቤትሽን ላድንልሽ አለኝ። ዲያቆን ወንበር ሰጡት። ከዚያ ስለ ሕግ ያወሩለት ጀመር። ሰውዬው ሰዓቱን አየ፣ ክራባቱን ፈታ፣ ላቡን ጠረገ፤ መጨረሻ ላይ ባርኔጣውን ረስቶ ሄደ።

"ልብ በይ ልጄ፣" አሉኝ፣ "ሳትጠሪው የመጣ አዳኝ ቁልፍሽን ይዞ ነው የሚሄደው።"

እሳቸውም ሳይጠሩ እንደመጡ አላነሣሁባቸውም።

ማመልከቻ አስገብተን ረቡዕ ዳኛው ፊት ቀረብን። ያኔ መዝገቡን ያስከፈተልኝ ጠበቃ ስልኬን ማንሳት ከተወ ሰንብቷል። ዲያቆን ግን ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው፣ አንቺ ዝም በይ፣ ሁሉን እኔ አስረዳለሁ ብለውኛል። ማነው የሚናገረው ተብሎ ሲጠየቅ ተነሡ። አፋቸው ተከፈተ። ምንም አልወጣም። እኚያ ጸሎት ያስቆሙ ሰው የያዙልኝን ቦርሳዬን ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ ቀሩ።

እሳቸው ቆመው እኔ እንዴት ልቀመጥ? ተነሣሁ።

"ክቡር ዳኛ፣ የሚቆረጥ መስሎኝ ነው። ከአዲሱ ሥራዬ ይቁረጡልኝ። ቤቴን አልተውም።"

ሌላ ቃል አልነበረኝም። ዳኛው ወረቀቱን አገላበጡ፣ ቀና ብለው አዩኝ፣ እንደገና አገላበጡ። ከዚያ ከሆስፒታሉ እንዲቆረጥ አዘዙና መዝገቤን መለሱልኝ። ሐራጁም ታገደ።

 ቤቴ በር ላይ ስንደርስ ዲያቆን፣ "መላው ጠፋኝ ልጄ" አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

"እርስዎ ባይቆሙ እኔ መች እነሣ ነበር" አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ልብስ ላሰጣ ስወጣ ዲያቆን በረንዳዬ ላይ ጎረቤቱን ሰብስበው ክርክሩን ያወራሉ። "ብድግ አልኩና፣ ክቡር ዳኛ፣ ቤታችንን አንተውም አልኳቸው" ይላሉ፣ ሱሪያቸውን ሳብ አድርገው። እኔ ካልኩት ይልቅ እሳቸው ሲሉት ያምራል። ቅርጫቴን አስቀምጬ ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ፤ ሲጨርሱም፣ ዲያቆን፣ እስቲ ከመጀመሪያው ይድገሙልን አልኳቸው።