ስለ አባቴ ጉበትና ስለ ጋሽ ታፈሰ ደም

አማርኛችን ለሆድ ዕቃ ያደላል። ስናዝን አንጀታችን ይላወሳል፤ ስንረካ አንጀታችን ቅቤ ይጠጣል፤ ሲከፋን ሆድ ይብሰናል፤ የሚያናድድ ሰው ሲገጥመን ጨጓራችን ይላጣል። ፈሪ ሐሞቱ ፈሰሰ ይባልለታል፤ ደፋሩ ሐሞተ ኮስታራ ነው። ኩላሊት እንኳ ከልብ ጋር ተዳብላ «ልብና ኩላሊትን የሚመረምር አምላክ» በሚለው ጸሎት ውስጥ ገብታለች። ጉበትስ? ጉበት ምንም የለውም። ያንን የምንፎክርበትን ሐሞት የሚያመነጨው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ስሙ የሚነሳው ለዱለት ሲከተፍ ብቻ ነው። እስኪ ንገሩኝ፤ «ጉበቴን በላሽው» ብሎ ፍቅሩን የገለጸ ወንድ ታውቃላችሁ?

እንዲህ ስቆረቆርለት ሐኪም የሆንኩ እንዳይመስላችሁ። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ የምሸጥ ሴት ነኝ፤ ስለ ጉበት ያወቅኩት አባቴን ሆስፒታል ሳመላልስ ነው። ያወቅኩትም ይህን ነው፦ ጉበት ይሉኝታ የሚያጠቃው ብልት ነው። ጥርስ ትንሽ ሲነካ ሰፈር ይቀሰቅሳል። ጨጓራ አንዲት ሚጥሚጣ ቀምሶ ሌሊቱን ሙሉ ያማርራል። ጉበት ግን እየተበላ እንኳ ብትጠይቁት «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ነው የሚለው። ቁርጥ አባቴን።

አባቴ ደምሴ በቀድሞው ጦር ሃምሳ አለቃ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት የዓይን ሞራ ሊያስገፍፍ ሆስፒታል ሄደ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ደሙን ሲመረምሩት ሄፓታይተስ ሲ የሚባል ጉበት የሚያጠቃ ቫይረስ ተገኘበት። ዓይኑን ሊያሳይ ሄዶ በጉበቱ ተያዘ። ኪኒኑን ለሦስት ወር ሳያዛንፍ ዋጠ፤ ወታደር አይደል? ቫይረሱም ከደሙ ጠፋ። እኔ እልል ልል አፌን ስከፍት የምታክመው ወጣት ሐኪም እጇን አነሳች።

«አባባ፣ ቫይረሱ ሄዷል። ግን ብዙ ዓመት አብሮዎት ስለኖረ ጉበትዎን አጠባስሶታል። እንዲህ ያለ ጠባሳ ላይ ካንሰር ሊነሳ ይችላል። በየስድስት ወሩ ቁርስ ሳይበሉ ይመጣሉ፣ በአልትራሳውንድ እናየዋለን። ገና ትንሽ ሳለ ካገኘነው ይወጣል። እስኪያምዎት ከጠበቁ ግን ይረፍዳል።»

«አሁን ደህና ከሆንኩ ምን ልታዩ ነው?»

«ደህና መሆንዎን ነዋ።»

ከዚያ ካርዱ ላይ እየጻፈች፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ወታደር ነበርኩ ብለዋል፤ ያኔ ደም ተሰጥቶዎት ያውቃል?» ብላ ጠየቀችው። አባቴ ጣሪያውን አየ፣ ጫማውን አየ፣ «አላስታውስም» አለ።

ዋሸ። እኛ ሰፈር ስለዚያ ደም የማያውቅ ሰው ካለ ትናንት የገባ ተከራይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጉለሌ የሚኖሩ የድሮ ጓዶች በወር አንዴ፣ እሑድ፣ በየተራ ቤት የሚገናኙበት ማኅበር አላቸው። ኦርቶዶክሱም ጴንጤውም ስላለበት በጻድቅ ስም አልተሰየመም፤ «የጦሩ ማኅበር» ነው የሚባለው። ምግቡ ቀርቦ፣ ጨዋታው ሞቅ ሲል፣ አንዱ ያንን ታሪክ ማንሳቱ አይቀርም። አባቴ ሰሜን ግንባር ጭኑን ተመትቶ ደሙ እየፈሰሰ፣ ሐኪም በሌለበት፣ መኪና በማይደርስበት፣ ጋሽ ታፈሰ የገዛ ክንዳቸውን አስረው፣ ደማቸውን በጠርሙስ ቀድተው ለአባቴ ሰጡት። ጋሽ ታፈሰ ድሬሰር ነበሩ፤ ቁስል የሚያጥቡ፣ መርፌ የሚወጉ፣ ዶክተር በጠፋበት ቦታ ዶክተር የሆኑ ሰው። ታሪኩ እውነት ነው፤ ጠርሙሱ ብቻ እያደገ ሄደ። እኔ ልጅ ሳለሁ አንድ ነበር፤ አሁን ጀሪካን ሊደርስ ምንም አልቀረው። ቢሆንም አልስቅበትም። እኔ የተወለድኩት ከዚያ ደም በኋላ ነው።

አባቴ ከጦር ሜዳ ተመልሶ እናቴን ሲያገባ እሷን ተከትሎ ጴንጤ ሆነ። ጋሽ ታፈሰ ተዋሕዶ ናቸው፤ ቁስቋም ይሳለማሉ፣ በወሩ ሃያ አንድ እንጦጦ ማርያም ድረስ በእግራቸው ይወጣሉ። በዚህ ጉዳይ ተጣልተው አያውቁም። አባቴ ማዕድ ላይ ዓይኑን ጨፍኖ ረዘም ያለ ጸሎት ሲጀምር ጋሽ ታፈሰ ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ተይው ይጸልይ፤ ደሙ እንደሆነ ኦርቶዶክስ ነው» ይላሉ። አባቴም ዓይኑን ሳይገልጥ ይስቃል።

እና ከሆስፒታሉ እንደወጣን አባቴ ክንዴን ያዘኝ። «ለታፈሰ ትንፍሽ እንዳትይ።»

«ለምን?»

«ሰው ደሙን ቀድቶ ሰጥቶሽ፣ በሽታ ነው የሰጠኸኝ ትይዋለሽ?»

እሺ አልኩት። በሚቀጥለው ቀጠሮ ግን አላስቻለኝም፤ አባቴ አልትራሳውንዱ ክፍል ገብቶ ሆዱን ሲያሳይ እኔ ለሐኪሟ እውነቱን ነገርኳት። «ከዚያ ደም ይሁን ከሌላ መርፌ አሁን በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም» አለችኝ። «ደሙን የሰጡት ሰውዬ በሕይወት ካሉ ግን ቢመረመሩ ጥሩ ነው። ከእሳቸው ከመጣ፣ እሳቸው ጋ ከአባትሽ በፊት ነበር ማለት ነው።»

እኛ የሰውዬውን ክብር ስንጠብቅ የሰውዬውን ጉበት ማን እየጠበቀው ነው?

ታክሲ ውስጥ ለአባቴ ነገርኩት። «ታፈሰ?» አለ። «እንጦጦን በእግሩ የሚወጣ ሰው! እኔንም አንቺንም ይቀብራል።»

«አንተስ ደህና አልነበርክም እንዴ?»

መስኮቱን ከፍቶ ውጭ ውጭውን ማየት ጀመረ። ሽሮ ሜዳ ልንደርስ ስንል «እሺ፣ እኔው ራሴ እነግረዋለሁ» አለ።

ሊነግራቸው ሄደም። ሙዝ ገዝቶ ቁስቋም፣ ጋሽ ታፈሰ ቤት ወጣ፤ ስለ ኳስ አውርተው ተመለሰ። ሌላ ቀን እንደገና ሙዝ ገዝቶ ወጣ፤ ስለ ውሃ መጥፋት ተማርረው ተመለሰ። «ነገርካቸው?» ስለው «ዛሬ ፊቱ በርቶ ነበር፣ እንዴት ላበላሽበት» ይለኛል። በሌላ ቀን ደግሞ «ፊቱ ጥሩ አልነበረም፣ እንዴት ልጨምርበት» ይላል። ለዚህ ወሬ የሚሆን ፊት ጋሽ ታፈሰ አልነበራቸውም። በዚህ ሁኔታ ዓመት አለፈ። እኔ ልናገር ስል አባቴ ያለቅሳል፤ አባቱ ሲያለቅስ አይቶ የሚጨክን ካለ ይምጣና ይፍረድብኝ።

አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ የአልትራሳውንዱ ቀን፣ ልንወጣ ስንሰናዳ ጋሽ ታፈሰ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጎራ አሉ። ጠረጴዛው ላይ የእኔ ቁርስ፣ እንቁላል በዳቦ፣ ቀርቧል። አባቴ ቁርስ ሳይበላ ሬዲዮ እንኳ የማይከፍት ሰው መሆኑን ሁሉም ያውቃል።

«አትበላም እንዴ?» አሉት።

አባቴ ግራ ገባው። «ዛሬ... እ... ጾም ነኝ» አለ።

ጋሽ ታፈሰ ረቡዕ መሆኑን አሰቡ። እንቁላሉን አዩ፣ አባቴን አዩ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ግንባሩን ስመውት ወጡ።

እሑድ ማኅበሩ እኛ ቤት ነበር። የተለመደው ሰው የተለመደውን ታሪክ ጀምሮ ጠርሙሱ ጋ ሲደርስ ጋሽ ታፈሰ ብድግ አሉ። በሕይወታቸው ስለዚያ ደም አንድ ቃል ተናግረው የማያውቁ፣ ታሪኩ ሲነሳ ሳህናቸውን የሚያዩ ሰው ናቸው። «ወንድሞቼ፣ ዛሬ እኔም የምለው አለኝ» አሉ። «ደምሴ ረቡዕን መጾም ጀምሯል። በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ወደ እናት ቤተ ክርስቲያኑ ደሜ መለሰው!»

ግማሹ ቤት አጨበጨበ። ግማሹ፣ ከእነሱም መካከል ድግሱን ሊያግዙ የመጡ የእናቴ ጓደኞች፣ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። እናቴ አባቴን አየችው። ያንን አስተያየት ባለትዳሮች ታውቁታላችሁ።

አባቴ ሁለት መንገድ ነበረው፤ ወይ በሃይማኖቱ መዋሸት፣ ወይ እውነቱን መናገር። የተጨነቀ ሰው ያሳዝናል። ተነሳ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ከዚያም ዓይኖቹን ጋሽ ታፈሰ ላይ ተክሎ ሁሉንም ተናገረ። ቫይረሱን፣ ጠባሳውን፣ በየስድስት ወሩ በባዶ ሆድ መሄዱን፣ ሐኪሟ ስለ ደሙ የጠየቀችውን፣ «አላስታውስም» ማለቱን። «ታፈሰ፣ አንተ ያዳንከኝ ሰው ነህ። ይህን በምን አፌ እነግርሃለሁ ብዬ ነው። ግን አንተም መታየት አለብህ» አለ።

ጋሽ ታፈሰ ገና እንደቆሙ ናቸው።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ብቻህን ነበር የምትሄደው?» አሉ።

«ከልጄ ጋር።»

«ከልጄ ጋር አለኝ!» አሉና ኮታቸውን አንስተው ወጡ። ምግባቸውን ሳይጨርሱ።

ያን ምሽት አባቴ ጓደኛውን ያጣ መሰለው። እኔም «ይኸው፣ ተቀየሙ» ብዬ ራሴን ወቀስኩ። በማግሥቱ ማለዳ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ታፈሰ የተተኮሰ ኮታቸውን ለብሰው ደጃፉ ላይ ቆመዋል። የተቀየሙት በበሽታው አልነበረም፤ ሳይነገራቸው፣ አብረው ሳይሄዱ በመቅረታቸው ነበር። አባቴን ገና ፒጃማውን እንደለበሰ ቁልቁል አዩትና «ቁርስ አልበላሁም። ተነስ፣ እንሂድ» አሉት።

ቫይረሱ ተገኘባቸው። ጠባሳውም አለ፤ ከአባቴ ይብሳል። ሌላ ምርመራ ተጨምሮ፣ ጉበታቸው ላይ የሽምብራ ፍሬ የምታህል ነገር ታየች። ካንሰር ነበረች። ጋሽ ታፈሰን ምንም አላመማቸውም፤ በዚያው ወር እንኳ እንጦጦ ወጥተዋል። ሐኪሟ «ገና ትንሽ ነች፤ ማውጣት ይቻላል» አለች። ቀጥላም «ሌላ ዓመት ቢቆዩ ኖሮ ይህን አልልዎትም ነበር» አለቻቸው። እኔ ያን ጊዜ ያሰብኩት ያንን ሁሉ ሙዝ ነው። አባቴ ሙዝ ተሸክሞ ሲመላለስ ያቺ ሽምብራ እያደገች ነበር።

ቀዶ ሕክምናው ደህና አለፈ። ሊጠይቃቸው ሲገባ አባቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እንደ ልጅ አለቀሰ። «እንዳላስቀይምህ ብዬ ልገድልህ ነበር» አላቸው። እውነቱን ነው፤ እኔም ያንን ላስተባብልለት አልቻልኩም።

ጋሽ ታፈሰ ግን በደከመ እጃቸው ጭኑን፣ ያንን የተመታውን፣ መታ መታ አደረጉት። «ምን ያስለቅስሃል? ደሜን አንተ ጋ ያስቀመጥኩት ለካ ለዚህ ኖሯል። እሱ ባይናገር እኔ በምን አውቅ ነበር?»

አሁን በየስድስት ወሩ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ። እኔን አያስከትሉኝም፤ «ልጅቷ ሱቋን ትክፈት» ይላሉ። ቀጠሮውን ጋሽ ታፈሰ ለምነው ረቡዕ አስደርገውታል፤ መጾም ካልቀረ በደንቡ ይሁን ብለው። ምርመራው አልቆ ሁለቱም ደህና ከተባሉ ከሆስፒታሉ ማዶ ካለች ምግብ ቤት ገብተው፣ አባቴም ጓደኛው ፊት ሥጋ ማዘዝ ነውር መስሎት፣ አንድ የጾም በየዓይነቱ ለሁለት ይበላሉ። ይህ ወሬ ማኅበሩ ዘንድ ደርሷል። ጋሽ ታፈሰ በየወሩ ማዕድ ላይ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «አላልኳችሁም? ረቡዕን ይጾማል፤ ደሜ ነው!» ይላሉ።

አባቴ ጴንጤ መሆኑን ያውቃል። እናቴም ታውቃለች፤ ፓስተሩም ያውቃሉ። ግን ደሙን የሰጠውን ሰው፣ በሰው ፊት፣ እንዴት ብሎ «አይደለም» ይለዋል? ሳህኑን ያያል።