ኮምፒውተሬን ያጸዳሁ ለት

ብቻውን የሚኖር ሰው ማጽዳት ይወዳል። ከራሴ አይቼ ነው የምነግራችሁ። ቤተሰብ ያለው ሰው ቤቱ ቢቆሽሽ የሚቆጣው አለ፣ እሱም መልሶ የሚቆጣው አለ፤ በዚያው ቀኑ ይመሻል። ብቸኛው ግን የሚጨቃጨቀው ስለሌለ መጥረጊያውን ያነሳል። ወለሉን ጠርጎ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ ማንም ያልጠጣበትን ብርጭቆ እንደገና አለቅልቆ ሲያበቃ፣ እጁ ሥራ ይፈታና ፊቱን ወደ ኮምፒውተሩ ያዞራል። ጉዱ የሚጀምረው እዚያ ላይ ነው።

እነዚህን የኮምፒውተር ማጽጃ የሚባሉ ፕሮግራሞች ሳታውቋቸው አትቀሩም። ከላይ እስከ ታች ይፈትሹና፣ ስምንት መቶ ምናምን ስህተት አገኘን ብለው በቀይ ያሳዩዋችኋል። እኔ ያን ጊዜ መካነ ሰላም ውስጥ የአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድ ባለሙያ ነበርኩና ነገሩ አልገረመኝም፤ ግምገማ ለምጃለሁ። በግምገማ ላይ ጠዋት ተቀምጠን እስከ ማታ ስንፈታተሽ የማይገኝብን ጉድለት የለም። ሁላችንም ግለ ሂሳችንን አውርደን፣ እናስተካክላለን ብለን፣ በማግሥቱ እዚያው ወንበር ላይ እንደዚያው ሆነን እንገኛለን። ማጽጃውም ያው ነው። ዛሬ ስምንት መቶውን ስህተት ጠራርጌ ጨረስኩ ይላል፣ ነገ ስትጠይቁት ሌላ ስምንት መቶ አያጣም። ኮምፒውተሩ እንደሆነ መንቀራፈፉን አልተወም። ታዲያ ለምን በየቀኑ ታስነሳዋለህ አትሉኝም? ከሥራ ስመለስ፣ በእንግሊዝኛም ቢሆን፣ "እንኳን ደህና መጡ" የሚለኝ እሱ ብቻ ነበር።

አገሬ ከአባይ ማዶ፣ ጎጃም ነው። ከከተማው ወጣ ብዬ ከገደሉ አፋፍ ላይ ስቆም፣ ሰማዩ ጥርት ካለ ወዲያ ማዶ ያለው ደጋ ይታየኛል። በመኪና ልሂድ ካልኩ ግን መንገዱ ዞሮ ዞሮ የሚያደርሰኝ ፈቃዴ ሊያልቅ ሲል ነው። ስለዚህ አልሄድም ነበር። እያዩ አለመድረስ ጨርሶ ካለማየት ይብሳል።

የተከራየሁት እትዬ ከድጃ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ነው። ባለቤታቸው ከሞቱ ቆይተዋል። አንዲት ልጃቸው ሰዓዳ፣ እንደ ብዙዎቹ የአካባቢው ልጆች፣ አረብ አገር ገብታለች። የምትሠራበት ቤት እመቤት ስልክ አታስነካትም። አንዲት የወግዲ ልጅ ወደ አገሯ ስትመለስ፣ ሰዓዳ በልጅቷ ስልክ ድምጿን ቀድታ ላከች፤ ከዚያ ወዲህ ወሬዋ የለም። የእትዬ ከድጃ ስልክ ደግሞ መጮህ እንጂ እንዲህ ያለ ነገር ማሰማት የማያውቅ ስለሆነ፣ ድምጿን የእኔ ኮምፒውተር ውስጥ አስገባነው። እኔ እናትዮዋ ዘንድ ተከራየሁ፣ ልጅቷ እኔ ዘንድ።

የዓርብ የምሳ ሰዓት ለጁምዓ ሲባል ረጅም ነው። እትዬ ከድጃ ቤታቸው ሰግደው ሲያበቁ በሰሃን የገብስ ቆሎ ይዘው ይመጣሉ። መብራት ካለ እከፍትላቸዋለሁ። ሰዓዳ "አሰላሙ አለይኩም እማ" ብላ ትጀምርና አጎት አክስቱን፣ ጎረቤቱን፣ ከላላ ከተማ ያሉትን ዘመዶች ሳይቀር በየስማቸው እየጠራች ሰላም ትላለች። እናት ለእያንዳንዱ መልስ ይሰጣሉ። ሰላምታ ሳይመለስ አያድርማ። ያው ድምጽ፣ ያው ቃል፣ ዓርብ በመጣ ቁጥር እንደ አዲስ፤ አጎቷ ደህና እንደሆነ፣ ጉልበቱን ብቻ ትንሽ እንዳመመው፣ ጎረቤቷ ወንድ ልጅ እንደተገላገለች ይነግሯታል። መጨረሻ ላይ ልጅቷ "በግቢው ላሉትም ሁሉ" ስትል፣ እትዬ ከድጃ ቀና ብለው ያዩኛል።

"አንተም መልስላት እንጂ፤ አንተንም እኮ ነው።"

እኔ ክርስቲያኑ፣ ፊቷን አይቼ ለማላውቃት ልጅ፣ "ወአለይኩም ሰላም" እላለሁ። ከዚያ ቆሎውን እየቆረጠምን ትንሽ እናወራለን። ከሰኞ እስከ ሐሙስ የምኖረው ለዚያች ሰዓት ነበር።

አንድ ሐሙስ ማጽጃው፣ እስከ ዛሬ ያጸዳሁት ላይ ላዩን ነው፣ ሬጅስትሪህን ላጽዳው ወይ አለኝ። ሬጅስትሪ ምን እንደሆነ በቅጡ አላውቅም። ያልገባኝን ነገር አጽዳው ማለት ግን ከመሥሪያ ቤት የለመድኩት ነውና እሺ ብዬ ተጫንኩት። በማግሥቱ እትዬ ከድጃ መጥተው፣ ሻሻቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። የሰዓዳን ድምጽ ስነካው ኮምፒውተሩ፣ ይህን በምን ልክፈተው ብሎ እኔኑ ጠየቀኝ። ደጋግሜ ነካሁት። ደጋግሞ ጠየቀኝ። አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው።

"ወትሮ እሺ የሚል ድምጽ ዛሬ እምቢ ያለው፣ ልጄን አንድ ነገር ቢያገኛት ነው" አሉ እትዬ ከድጃ፣ ቀስ ብለው።

አብሽሩ እትዬ፣ የኮምፒውተሩ ጣጣ ነው ብላቸው ማን ይሰማኛል። ሰላምታዋ ሳይመለስ ጁምዓ ሊያልፍ ነው እያሉ ወጡ። ቆሎው እንደቀረበ ቀረ። የሴትዮዋ ልጅ በሕይወት መኖሯን የሚያረጋግጥላቸው ያ ድምጽ ብቻ ነበር።

ድምጹን በፍላሽ ይዤ፣ ገበያው አጠገብ ለሰው ስልክ ላይ መንዙማና ዘፈን ወደሚጭነው ሰውዬ ሮጥኩ። በእሱ ኮምፒውተር ሲከፍተው ሰዓዳ ምንም እንዳልሆነች ሁሉ "አሰላሙ አለይኩም እማ" አለች። ሰውዬው እንዳስረዳኝ ሬጅስትሪ ማለት የትኛው ነገር በምን እንደሚከፈት ኮምፒውተሩ የሚያስታውስበት ቦታ ነው። የአገሩን ሰው ሁሉ ቤት የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አሉ እንበል፤ የእኔ ማጽጃ እኚህን ሽማግሌ አስቀምጦ፣ አእምሮዎ በዝቷል ብሎ ግማሹን አስረሳቸው። የሰዓዳ ድምጽ ቦታው ላይ ነበር፤ ወደ እሱ የሚመራ ጠፍቶ ነው። እናም ማጽጃ ይጠቅማል ወይ ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ የማትፈልጉትን እያያችሁ በገዛ እጃችሁ አጥፉ፣ ሬጅስትሪውን ግን ተዉት እላችኋለሁ። ሳይነኩት ያስቸገረኝ ነገር የለም።

እትዬ ከድጃ ድምጹ እንዳልጠፋ ሲረዱ፣ ሁለተኛ እንዲህ አልደነግጥም ብለው አንድ በግ ሸጡና ድምጽ የሚያሰማ ስልክ ገዙ። ሰዓዳን እዚያ አዛወርናት። ያ ሰውዬ የእኔንም ኮምፒውተር አጥፍቶ እንደ አዲስ ጫነልኝ፤ ገና ሳልቀመጥ ይከፈት ጀመር። ለማን እንደሚቸኩል እንጃ። ዓርብ ሲመጣ፣ ረጅሙ የምሳ ሰዓት ከበፊቱም ረዘመብኝ። ከግድግዳው ወዲያ ሰዓዳ ዘመዶቿን ስትጠራ፣ እናቷ ሲመልሱላት ይሰማኛል፤ የእኔ ተራ ሲደርስ ግን የሚያየኝ የለም። ቅር አለኝ ብል ነውር ነው፤ እናት የልጇን ድምጽ በገዛ ቤቷ ሰማች ተብሎ ይከፋል እንዴ? ከፍቶኝ ነበር። ብቸኝነት ምክንያት አይመርጥም።

ሁለት ሦስት ዓርብ እንዲህ አለፈና በአንደኛው በሬ ተንኳኳ። እትዬ ከድጃ ናቸው፣ ስልኩን በሻሻቸው ጫፍ ጠቅልለው ይዘዋል።

"ይሄ ስልክ ከበደው መሰል፣ ይንቀራፈፋል" አሉኝ። "ያ ማጽጃህ ለሱ አይሆንም?"

ስለ ማጽጃ ከንቱነት የተማርኩትን ሁሉ ልዘረግፍላቸው አፌን ከፈትኩ። በፊት ግን ስልኩን ልየው ብዬ ተቀበልኳቸው። ብነካው ቀጥ ብሎ ይታዘዛል። ገብቼ ብፈትሽ ዘፈን የለበት፣ ፎቶ የለበት፣ መንዙማ እንኳ የለበት። የሰዓዳ አንድ ድምጽ ብቻ፣ ባዶ ስልክ ውስጥ ተቀምጧል። ቀና ብዬ አየኋቸው፤ እሳቸው በመስኮቱ ወደ ግቢው ያያሉ።

"ብዙ ቆሻሻ ይዟል እትዬ" አልኳቸው። "በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም።"

"እኔም ጠርጥሬያለሁ" አሉና ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳቡት። "እንግዲያ ጁምዓ ጁምዓ አመጣዋለሁ።"