ጣራ ብቻ የሚልኩ መርከበኞች

መርከበኛ ልጅ ያላችሁ እናቶች፣ እስቲ ልጠይቃችሁ፤ የእናንተም ልጆች ጣራ ብቻ ነው የሚልኩላችሁ? የእኔዋ ሊዲያ በዕቃ ጫኝ መርከብ ላይ ነው የምትሠራው። መርከቧ ቻይና ስትቆም ከሥራ ጓደኞቿ ጋር የድሮ ነገሥታት ከተማ ልታይ ሄደች። አርባ ፎቶ ላከችልኝ፤ አርባውም የቤተ መንግሥት ጣራ ነው። ንጉሡ ራሱ ጣራውን ይህን ያህል ያየው አይመስለኝም።

የቤተ ክርስቲያን ሴቶች «ልጅቷ እየተዝናናች ነው፤ አንቺ ደግሞ ፈሪ ነሽ» አሉኝ። እኔ ብዙም አልተማርኩም፤ ግን መርዶ የሚደብቅ ሰው ወሬ እንደሚያበዛ አውቃለሁ። እኛ አገር ሰው ሲሞት መጀመሪያ ስለ ዝናቡ አይደል የሚወራው?

ከሥራ ወጥቼ ወደ ሚኒያፖሊስ በሚሄደው ባቡር ውስጥ በቪዲዮ ደወልኩላት፤ ገና ከቤተ መንግሥቱ አልወጣችም ነበር።

«እማ፣ አይ አም ፋይን። በሩን ተመልከቺው፣ ቢዩቲፉል አይደለም?»

«በሩ ይቆየን። ስልኩን ወደ ፊትሽ አዙሪው።»

«እማ፣ ሰው እያየን ነው እኮ።»

«ንጉሡም ካለ ይይ። አዙሪው አልኩሽ።»

ለካ ጮኬ ኖሯል። ባቡሩ ሙሉ ዞሮ አየኝ፤ እዚያ ቻይና ጣራ ሲያነሱ የነበሩት፣ አማርኛ የማያውቁት መርከበኞች ሳይቀሩ ስልካቸውን ወደየፊታቸው አዞሩ። ሊዲያም አዞረችው። ግንባሯ አራት ቦታ ተሰፍቷል፤ የመርከቡ ደረጃ አንሸራትቷት ኖሯል።

«እንዳላስፈራሽ ብዬ ነው እንጂ…» አለች።

እኔ እንደሆንኩ ድሮም እየፈራሁ ነው። ፈሪ በሉኝ። ነገም እደውላለሁ፤ ፊቷን ሳላይም ስልኩን አልዘጋም።