የእንግዶቹ ነጭ ሶስና የእኛው

«ቀላል ነው» የሚለኝን ሰው እፈራለሁ። እናንተስ? እኔ ቀላል ነው ተብዬ ቀላል ሆኖ ያገኘሁት ነገር ትዝ አይለኝም። ጥርስ ማስነቀል ቀላል ነው ተባልኩ፤ ጉንጬ ዱባ አክሎ ሰነበተ። በሞባይል ፎቶ መላክ ቀላል ነው ተባልኩ፤ ለልጄ የላክሁት ያበጠ ጉልበቴ ለቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ሁሉ ደርሶ እሑድ ጠዋት ተጸለየልኝ። ስለዚህ ልጄ ማርታ ከሐዋሳ ደውላ «አባዬ፣ ነጭ ሶስ እኮ ቀላል ነው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም» ስትለኝ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ሶዶ ላይ ቁጭ ብሎ ነጭ ሶስ ምን ያደርግለታል? ትሉ ይሆናል። እውነታችሁን ነው። እኔም ብሆን እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ዘነበች ባለፈው ክረምት ስትሮክ የሚሉት ነገር ቀኝ እጇን ያዛት። እግዚአብሔር ይመስገን፣ አፏን አልነካውም። ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ እንዲያውም ሳይብስበት አልቀረም። እጇም ቀስ በቀስ እየተፍታታ ነው። ያቃተን ምግቡ ነው። የሚቀርብላትን ሁሉ ሁለት ማንኪያ ቀምሳ «በቃኝ» ትላለች። ሐኪሙ መድኃኒቱ ባዶ ሆድ ላይ እንዳይወሰድ አስጠንቅቆናል። «ካልበላች ያገገመችው ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል» ብሎኛል። ለእኔ ዓይነቱ ሰው እንዲህ ይባላል? እኔ እኮ በሩን ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ መቆለፌን ለማየት ከመንገድ የምመለስ ሰው ነኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ማንኪያዋን መቁጠር ሆነ። ቀሚሷ ትከሻዋ ላይ እየሰፋ ሲሄድ እያየሁ፣ እሷ እንዳታየኝ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞራለሁ። የዳሞታን ተራራ የማይ እመስላለሁ። ክረምት ነው፤ ዳሞታ በጉም ተሸፍኗል፤ ምኑን አየዋለሁ?

አንድ ቀን ታዲያ፣ ምሳዋን ገፋ አድርጋ «የታደለ አባት፣ ያ የእንግዳ ቤቱ ነጭ ሶስ አማረኝ» አለችኝ። ታደለ የበኩር ልጃችን ነው። ከተጋባን ጀምሮ ስሜን ጠርታ አታውቅም።

አማረኝ አለች! ከስንት ወር በኋላ!

የእንግዳ ቤቱን ነገር ልንገራችሁ። ወጣት ሳለን ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ የእርሻ ፕሮጀክት ነበር። የውጭ አገር ባለሙያዎች ይመጡ ነበር። እኔ በሰባተኛ ክፍል ትምህርቴ የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጠባቂ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ዘነበች የእንግዳ ቤቱ ወጥ ቤት ነበረች። ዱቄቱንና ወተቱን ከግምጃ ቤት ወደ ወጥ ቤት የማደርሰው እኔ ነኝ። በቀን አንድ ጊዜ ባደርስ በቂ ነበር። እኔ ግን በቀን አራት ጊዜ እመላለሳለሁ። ለምን እንደሆነ እናንተም ይገባችኋል።

እሷ ለእንግዶቹ ነጭ ሶስ ትሠራለች። የተቀቀለ ድንች ላይ፣ የተቀቀለ አበባ ጎመን ላይ ይፈስሳል። ሳህኑ በአጠገቤ ሲያልፍ አየዋለሁ። ልስላሴው! አንዲት ጓል አታገኙበትም። ነፋስ የሌለበት ቀን የተኛ ኩሬ ይመስላል። እንግዶቹ በልተው ሲነሱ፣ ዘነበች በጓሮ በር ትጠራኝና በቆርቆሮ ሳህን ትኩስ ጎዳሬ ትሰጠኛለች። ጎዳሬው ላይ ሶስ። ሶሱ ውስጥ ደግሞ አይብ! ጣት ጣት የሚያህል፣ ቅቤ የጠጣ አይብ። የእንግዶቹ ላይ አይብ የለም። የእኔ ላይ አለ። ከዚህ በላይ አንዲት ልጃገረድ እንዴት አድርጋ ትናገር? የወላይታ ሰው አይብ በቅቤ ሲሰጠው መከበሩን ያውቃል። በዓመቱ ሽማግሌ ላክሁ።

ይህን የአይብ ታሪክ ለልጆቻችን ነግሬአለሁ። ለልጅ ልጆቻችን ነግሬአለሁ። ሠርግ ቤት ተነስቼ ለሙሽሮች ነግሬአለሁ። ጎረቤቴ አቶ ባሳ በቃሉ ያውቀዋል፤ ገና ስጀምር «አይቡ ጋ ስትደርስ ቀስቅሰኝ» ብሎ ዓይኑን ይጨፍናል። እኔ ስናገር ዘነበች ሁልጊዜ አንገቷን ትደፋለች። ዓይን አፋርነቷን እወድላት ነበር።

ወደ ሶሱ እንመለስ። ጠዋት ጠዋት የምታግዘን ሴት አለች። ነጭ ሶስ ትሠሪልናለሽ ወይ ብላት «ምግብ ነው ወይስ የሚቀባ?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለዚህ እኔው ገባሁበት። በእኛ ዘመን ወንድ ወጥ ቤት የሚገባው ቤቱ ሲቃጠል ነው። አቶ ባሳ ይህን ሲሰማ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ «ጋሼ፣ ማማሰያ ከጨበጥክ ዘንድሮ ለጊፋታ የቅቤ ዕቁቡን ከሴቶቹ ጋር ግባ፤ እኛ የበሬውን እንችለዋለን» አለኝ። ለዓመት በዓላችን ወንዱ ለበሬ፣ ሴቷ ለቅቤ እንደሚያጠራቅሙ ታውቃላችሁ። ሳቀብኝ። ይሳቅ። የእሱ ሚስት ትበላለች።

ማርታ በስልክ ያለችኝን በደብተር ጻፍኩ። ሁለት ማንኪያ ቅቤ። ሁለት ማንኪያ ዱቄት። አንድ ኩባያ ወተት፣ ለብ ያለ። ቅቤው ይቅለጥ፣ ዱቄቱ ይግባ፣ ሳያር ትንሽ ይብሰል፣ ከዚያ ወተቱ ጠብ ጠብ እያለ ይጨመር፣ ማማሰል አይቋረጥ። ጨው በመጨረሻ። መልሼ አነበብኩላት። ሁለተኛም አነበብኩላት። በሦስተኛው «አባዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለችኝ።

በመጀመሪያው ቀን ደብተሩ እንዳዘዘኝ አደረግሁ። ሁለት ማንኪያ ቅቤ ከማሰሮው ቀዳሁ። ከየትኛው ማሰሮ? በቤታችን ካለው ከአንዱ ነዋ! ዘነበች ሳትታመም ያነጠረችው፣ እርድና ኮሰረት የገባበት። ሶሱ ሲያልቅ የመስቀል አበባ መስሎ ቁጭ አለ። ይዤላት ገባሁ። አየችው፤ አሸተተችው። «የታደለ አባት፣ ነጩ የታለ?» አለችኝ። ከዚያ ሳቀች። ሁለት ማንኪያ ቀምሳ «በቃኝ» አለች። ቢሆንም ስቃለች፤ ያንን እንደ ሦስተኛ ማንኪያ ቆጠርኩት።

ለነጭ ሶስ ለጋ ቅቤ ነው አሉ፤ ቅመም ያልነካው። እህቴ ከቦዲቲ ገበያ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ጤዛ የመሰለ ቅቤ በሚኒባስ ላከችልኝ። በሁለተኛው ቀን ጀመርኩ። ቅቤው ቀለጠ፣ ዱቄቱ ገባ፣ ሽታው ድሮን ድሮን አለኝ። ወተቱን ላንጠባጥብ ኩባያውን ሳነሳ፣ መብራት ሄደ! ምድጃው ቀዘቀዘ። ምን ላድርግ? ከሰል አቀጣጠልኩ፤ ከሰሉ ደግሞ የመንግሥት ሰው አይደለ፣ አንዴ ከተነሳ የሚያቆመው የለም። ሊያርብኝ ነው ብዬ ደንግጬ ወተቱን በአንድ ጊዜ ገለበጥኩት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ዱቄቱ ጓጎለ። ጓል በጓል ሆነ፤ ያልተከሰከሰ ማሳ ታውቃላችሁ? እሱን። ባማስለው፣ ብወቅጠው አልፈርስ አለኝ። ሳታየው በጓሮ በር ይዤ ወጣሁና ለአቶ ባሳ ውሻ ደፋሁለት። ውሻው ላሰ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ወዲህ ባየኝ ቁጥር ጭራውን ይቆላል። ለዘነበች ግን ቅቤው አልቋል ብዬ ዋሸሁ። በዚህ ዕድሜዬ ዋሸሁ። እሷ ወደ ጓሮው በር አየት አደረገች።

በሦስተኛው ቀን ጸልዬ ገባሁ። ወተቱን ለብ አደረግሁ። እሳቱን ቀነስኩ። ጠብ አደርጋለሁ፣ አማስላለሁ። ጠብ፣ አማስላለሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል፤ የእኔም ሶስ ሄደ። መጀመሪያ እንደ ሊጥ ተያዘ፣ ከዚያ ፈታ አለ፣ ከዚያ የማንኪያውን ጀርባ ሸፍኖ ቀረ። ጨው ጣል አደረግሁበት። እናንተ አላያችሁም እንጂ፣ ያቺን የተኛች ኩሬ ድስቴ ውስጥ አየኋት! እዚያ የእንግዳ ቤቱ ኮሪደር ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ጎዳሬ ላይ አፈሰስኩና ወሰድኩላት።

በግራ እጇ ማንኪያውን አነሳች። አንድ። ሁለት። ማንኪያውን አስቀመጠችው።

«ጥሩ ነው» አለች። «የእንግዶቹን ነው የሠራኸው።»

«ታዲያ የማንን ልሥራ?»

«የእኛንስ?»

ግንባሬን መታሁ። አይቡ! አይቡን ረስቼ! ለካስ ሶስት ቀን የደከምኩት ዋናውን ነገር ትቼ ነው። ዝናቡን ሳልፈራ፣ ባጃጅ ይዤ ገበያ ወርጄ፣ ለጋ አይብ ገዝቼ ተመለስኩ። ሶሱን አሙቄ አይቡን ጣል ጣል አድርጌ አቀረብኩ። «ይኸው! ለእኔ ታደርጊልኝ እንደነበረው!» አልኳት።

ዘነበች አይቡን በማንኪያ ገለበጠችው። ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። በድጋሚ ያዛት ብዬ ጮህኩ፤ አቶ ባሳ በአጥሩ ዘሎ ገባ። ለካስ ሳቅ ነው። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«የታደለ አባት» አለች፣ «እንግዳ ቤቱ አይብ ኖሮት ያውቃል? ቁልፉን የያዝከው አንተ አልነበርክም? አንድ ቀን አይብ አስገብተሃል?»

አሰብኩ። ግምጃ ቤቴን በዓይኔ ዞርኩት። ዱቄት፣ ስኳር፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ሩዝ፣ ሳሙና። አይብ የለም። ያን ያህል ዓመት ዕቃ ስጠብቅ እንዴት ይህን አላሰብኩም?

«ታዲያ ያ ነጭ ነጩ ምን ነበር?»

«ጓል ነዋ! እኔ ሶስ የማላጓጉለው መቼ ነበር? ምድጃው የእንጨት፣ ድስቱ አምስት፣ አንተ ደግሞ በቀን አራቴ በር ላይ እየቆምክ ታፈዝዘኛለህ። ሲጓጉልብኝ በማጥለያ አጠለው ነበር። የተጣራው ለእንግዳ ይሄዳል። ማጥለያው ላይ የቀረውን ደግሞ መጣል ያሳዝነኛል፤ በቅቤ አሸት አድርጌ ግማሹን ለአንተ፣ ግማሹን ለእኔ። ስትበላው “አይቡ እንዴት ይጣፍጣል!” አልክ። ምን ልበል?»

አቶ ባሳ መሬት ላይ ተቀመጠ። መቆም አቃተው። «ጋሼ» አለ፣ «ያን ሁሉ ዘመን ያስተኛኸኝ በጓል ነው?»

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። የእኔ ንጋት ትንሽ አልዘገየም? «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» አልኳት። «ብነግርህ አይብ ያላት ፍለጋ ትሄድ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ በዚያ በጓሮ በር አብረን ቆመን ከበላነው ወዲህ እንደዚያ የጣፈጣት ነገር እንደሌለ ነገረችኝ። የእንግዶቹን ሶስ አንድም ቀን ወዳው አታውቅም ነበር። ያማራት ማጥለያው ላይ የሚቀረው ነው። በሁለተኛው ቀን ለባሳ ውሻ ስደፋ በመስኮት አይታኛለች፤ ምራቋን ዋጠች እንጂ አልተናገረችም። ብትናገር የሠርግ ቤት ታሪኬ ሊፈርስብኝ ነው።

ተነሳሁ። ቅቤ፣ ዱቄት፣ እሳቱን ለቀቅሁት፣ ወተቱን ዓይኔን ጨፍኜ ገለበጥኩት። ጓጎለ። ደስ አለኝ! ጓሉን በማጥለያ ለቅሜ፣ በቅቤ አሽቼ፣ ጎዳሬ ላይ አድርጌ አቀረብኩ። በግራ እጇ ጀመረች። ሦስት። አራት። ሰባት ላይ መቁጠሩ ጠፋብኝ፤ ዓይኔ ውስጥ የከሰል ጭስ ገብቶ ነበር። ምድጃው የኤሌክትሪክ መሆኑን ባሳ ባያስታውሰኝ ኖሮ ማንም አያውቅብኝም ነበር። ሳህኑን ጠርጋ «ሎኦ» አለች በቋንቋችን፤ ጥሩ ነው ማለቷ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ያለው ሰው ዘነበችን አያውቃትም። እሷ ቸኩላ ያጓጎለችውን በማጥለያ ለቀመች፤ እኔንም አብራ ለቀመች።

አሁን በየቀኑ ትበላለች። ቀሚሷም ትከሻዋን ይዟል። ጭንቀቴ ያለቀ መሰላችሁ? አላወቃችሁኝም። እጄ ለመደ። ባለፈው ሳምንት ወተቱን ብገለብጠው፣ ሳላስበው እጄ አማሰለና ልስልስ ብሎ አረፈው። ማግስቱንም እንደዚያው። ጓል እምቢ አለኝ! ደንግጬ ማርታ ጋ ደወልኩ። ሶሱ አንድ ጓል እንኳ አልወጣለትም አልኳት። «እንኳን ደስ አለህ አባዬ!» አለችኝ። ምኑ ነው ደስ የሚለው? እናትሽ ጦሟን ልትውል ነው አልኳት።

ማርታ ሳቀች። ማበላሸት ነው እንዴ የሚያስጨንቅህ፣ አለችኝ፤ እሱማ ቀላል ነው።

ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።