ኳሱ የመረመረኝ ዕለት

ትናንት ሌሊት ያየሁት ሕልም እንዲህ ነበር። ጅማ፣ በወጣትነቴ የተጫወትኩበት ሜዳ ላይ ቆሜአለሁ። ተመልካቹ ማልያ ለብሶ ይሮጣል፤ ተጫዋቾቹ ጥላ ዘርግተው ይሳደባሉ። ዳኛው ቀይ ካርድ ተሰጥቶት እያለቀሰ ወጣ። ሜዳው መሃል አንድ ያረጀ የቆዳ ኳስ ሰዎችን አሰልፎ፣ እየዘለለ ግንባር ግንባራቸውን በቴስታ ይመታል።

እኔ አልፈራሁም። አሥራ ስምንት ዓመት ተከላካይ ሆኜ በቴስታ ያላወጣሁት ኳስ የለም፤ ክረምት ላይ ውሃ ጠጥቶ እንደ ድንጋይ የሚከብደውን ሁሉ። ልጄ ትርሲት "ያ ሁሉ ግጭት አንጎልህን ጎድቶታል፤ ዛሬ ዛሬ የምትረሳው ለዚህ ነው" ብላ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አስይዛልኛለች። ከንቱ ድካም ነው። የኔ ራስ ደህና ነው።

ወዲያው ሜዳው ሐኪም ቤት ሆነ። ሐኪሞች ካርድ ይዘው ወረፋ ይጠብቃሉ፤ በሽተኞች ውስጥ ተቀምጠው ስም ይጠራሉ። ያ ኳስ ነጭ ጋዋን ለብሶ አስገባኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አልኩ በልቤ።

"ስንት ጊዜ ገጨኸኝ?" አለኝ።

"ማን ይቆጥረዋል፣ ዶክተር?"

"እኔ። ቀኑን ከነሰዓቱ አስታውሳለሁ። አንተስ?"

"እኔማ አንዱም አይጠፋኝ።"

"እስቲ አንዱን ንገረኝ።"

"ከየትኛው ልጀምርልዎ?" አልኩት፣ ጮሌ ነኝና።

ኳሱ ከየት እንዳመጣው በማላውቀው አውራ ጣት ግንባሬን ጫን ጫን አደረገ። "ንፋስ ጎድሎታል" ብሎ የብስክሌት ፓምፕ አመጣ። ፓምፑ የሚገባበትን ቀዳዳ ግን ከጆሮዬ እስከ ማጅራቴ ፈልጎ አጣው። አፈረ። "ይቅርታ፣ ራስህ ፍጹም ደህና ነው" አለና ግንባሬ ላይ ማኅተም መታልኝ። ሐኪሞቹ አጨበጨቡ። ደስ አለኝ፤ እውነቱን ለመናገር፣ ልቤም ቀለል አለው።

ነቃሁ። ተጣጥቤ፣ ሱፌን ለብሼ፣ ክራባቴን አስሬ ሳሎን ቁጭ ብዬ ስጠብቅ ትርሲት ከመኝታ ቤቷ ወጣች።

"አባዬ፣ በጠዋቱ ወዴት ነው?"

"ሐኪም ቤት ነዋ። ቀጠሮዬን ረሳሽው እንዴ?"

"ትናንት'ኮ ሄደን መጣን።"

አየኋት። የምትቀልድ አትመስልም።

"ታዲያ ሐኪሙ ምን አለ?"

አጠገቤ ተቀምጣ ክራባቴን መፍታት ጀመረች።

"እሱንም ነግሬሃለሁ፣ አባዬ" አለችኝ።