የኮሪደሩ ሊቀመንበር

ሥራ ፈላጊ በተኮለኮለበት ኮሪደር ሁሉ ማንም ያልሾመው አንድ ሊቀመንበር አይጠፋም። ከሁሉ ቀድሞ ይመጣል፤ በሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ይይዛል፤ ከዚያ በኋላ ስብሰባው የእሱ ነው።

ልጅቷ በግራፊክ ዲዛይን ከተመረቀች ዓመት ሊሞላት ነው። ሰባት ኮሪደር ተጎልታለች፤ በሰባቱም ክቡር ሊቀመንበር ነበሩ። ሠላሳን ገና የተሻገሩ በመሆናቸው ሰው ሁሉ «አንተ» ይላቸዋል፤ እኛ ግን ለሥልጣናቸው ስንል አንቱ እንላለን።

ሊቀመንበሩ የሰው የሥራ ማህደር ሳይፈቀድላቸው ይገልጣሉ። «የፊደሉ ክፍተት ትንሽ ሰፍቷል» ይላሉ። ለሁሉም የሚሉት ይህንኑ ነው። የመጸዳጃ ቤቱን ምልክት እንኳ አይተው «ሰፍቷል» ብለዋል።

«ይሄን ሁሉ ካወቅክ እዚህ ምን ጎለተህ?» አለቻቸው አንድ ቀን በግና።

«ገበያው ነዋ እህቴ! ማስታወቂያውን አላየሽም? ጀማሪ ሆኖ አምስት ዓመት የሠራ ይላል። እናቱ ሆድ ውስጥ ሆኖ ይሥራ?»

ስምንተኛው ኮሪደር የመጨረሻዋ ነበር። የእህቷ ባል «እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀናሽ እኔ ሱቅ መጥተሽ ሴራሚክ ትሸጫለሽ» ብሏታል። የማስታወቂያ ቢሮው የሚፈልገው አንድ ተለማማጅ ነው፤ የመጣው ሰው አሥራ ሁለት። ኃላፊው ለእያንዳንዱ ፈተና በፖስታ አደለና «በሦስት ቀን ሠርታችሁ አምጡ» ብሎ ገባ።

ሊቀመንበሩ ወዲያው ተነሡ። «ላንቺ ምን ደረሰሽ? ላንተስ?» እያሉ ወንበር ለወንበር ዞሩ። ልጅቷ ደሟ ፈላ። ሐሳቤን ሊሰርቅ ነው ብላ ፖስታዋን ጉያዋ ውስጥ ሸጎጠች።

«ምን አገባህ?»

«ግዴለሽም ንገሪኝ።»

«የጭማቂ ጠርሙስ ላይ የሚለጠፍ! ይኸው፣ ደስ አለህ?»

ደስ አላላቸውም። «ላንቺ ጠርሙሱ፣ ለእሱ ካርቶኑ፣ ለእኔ ቢልቦርዱ፣ ለዚያኛው መኪናው ላይ የሚለጠፈው» አሉ ጣታቸውን እያጠፉ። «ሁሉም ያው ጭማቂ! ይሄ ፈተና አይደለም፤ ለደንበኛቸው የሚያስረክቡት ሥራ ነው። ለአሥራ ሁለት ሸንሽነው በነፃ ሊያሠሩን ነው!»

ልጅቷ ክው አለች። ባለፈው «አልተመረጥሽም» ያላት ቢሮ ለፈተና ያሠራትን አርማ አንድ ዳቦ ቤት በር ላይ አይታው፣ መመሳሰል ይሆናል ብላ አልፋ ነበር። አይ ሞኝነት! ለወራት በሊቀመንበሩ ላይ ያባከነችው ንዴት ሁሉ አሁን ባለቤቱን አገኘ።

በሦስተኛው ቀን አሥራ ሁለቱም በሊቀመንበሩ ምክር ሥራቸውን በወረቀት ብቻ አትመው፣ ከዳር እስከ ዳር «ናሙና» ብለው ጽፈውበት አስረከቡ። ኃላፊው ጮኸ፤ ሊቀመንበሩንም «አድመኛ!» ብሎ አስወጣቸው። ደንበኛው ግን በማግስቱ ስለሚመጣ ሥራውን የሚጨርስለት አንድ ሰው የግድ መቅጠር ነበረበት፤ ዕጣው ለልጅቷ ወጣ። ልታመሰግናቸው ወደ ኮሪደሩ ስትሮጥ በሩ አጠገብ ያለችው ወንበር ባዶ ነበረች።

ከአምስት ወር በኋላ ቢሮው ሌላ ተለማማጅ ፈለገ። ኃላፊው አሥር ፖስታ አስታቀፋትና «አድዪ» አላት። አየት አየት አደረገቻቸው፤ የብስኩት መጠቅለያ፣ የብስኩት ካርቶን፣ የብስኩት ቢልቦርድ። ወጣች።

በሩ አጠገብ ክቡርነታቸው ተቀምጠዋል። ከተባረሩበት ቢሮ ምን አመጣቸው እንዳትሉ፤ ሥራ በጠፋበት ዘመን ማኩረፍ ቅንጦት ነው።

አንገቷ ላይ የተንጠለጠለውን መታወቂያ አዩ። «የፊደሉ ክፍተት ትንሽ ሰፍቷል» አሉ ቀስ ብለው። ከዚያ ወዲያ ትንፍሽ አላሉም። እሷን ከሥራዋ እንዳያፈናቅሉ ፈርተው ነው። ፖስታቸውን ተቀብለው አንገታቸውን ደፉ። ዘጠኙም ዝም፣ እሳቸውም ዝም።

ልጅቷ ይህን ዝምታ አልቻለችውም። የኃላፊው በር ገርበብ ብሏል፤ አይታዋለች፤ ድምፅዋን ግን አልቀነሰችም።

«አንተ! ዛሬ ምን ነካህ? ተነሥተህ ላንቺ ምን ደረሰሽ በላቸው እንጂ!»